ብል በልቶ ሠራተኛዋ ከፈለች!

እስቲ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱና አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። «ሱፍ» የምትሉት ስንት ልብስ አላችሁ? ልብ በሉ፣ የማወራው በጾም ስለሚፈተፈተው ሱፍ አይደለም፤ ስለሚለበሰው ነው። በከተማችን ኮቱና ሱሪው አንድ ዓይነት ከሆነ በቃ «ሱፍ» ነው። ሙሽራው ሱፍ ለበሰ እንላለን። ተመራቂው ሱፍ ገዛ እንላለን። ለመሆኑ ከእነዚህ ውስጥ የበግ ፀጉር የነካው ስንቱ ነው? ብዙው ፖሊስተር ነው። ስሙ ብቻ ሱፍ!

እኔም ሃያ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ልዩነቱን አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ደግሞ አንዲት ምስኪን ልጅ ላይ ግፍ ከሠራሁ በኋላ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ሁለቱንም ነው፤ ግፉንም፣ ከግፉ በኋላ የተማርኩትንም። አንዱን ትቼ አንዱን ብቻ ባወራ ራሴን መሸወድ ይሆንብኛል።

የአባቴ ሱፍ

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በ1970ዎቹ ለሥልጠና ጣሊያን ተልኮ ሲመለስ አንድ ሙሉ ልብስ ይዞ መጣ። ጥቁር ግራጫ ነው። ስስ ነው፤ ግን ይሞቃል። ጨምድደው ቢለቁት ወዲያው ይዘረጋል። በውስጥ ኪሱ በኩል «ፑራ ላና» የሚል ጨርቅ ተሰፍቶበታል፤ በጣሊያንኛ «ንጹሕ ሱፍ» ማለት ነው። አባቴ ይህን ልብስ የሚለብሰው ለዓመት በዓል፣ ለሠርግና ለሽምግልና ብቻ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰው በ2007 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዐረፈ።

እናቴ ልብሱን ሰቀለችው። «ሽታው አለበት፤ ማንም እንዳያሳጥበው» አለች። ማንም አልነካውም። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የፋሲካው ወጥ ፍንጣቂና የአባቴ ላብ እንዳለበት ተቀመጠ።

ጥር 2011 ዓ.ም. እኅቴ ተዳረች። በአባቷ ቦታ ቆሜ የምድራት እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ልልበስ? የአባቴን ሱፍ ነዋ! እናቴም «ልበሰው፤ እሱ ያለ ይመስለኛል» አለችኝ። በዋዜማው ማታ ልብሱን አውጥቼ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ሱሪው ጉልበት ላይ ሦስት ቀዳዳ! ምስር ምስር የሚያካክሉ። ኮሌታው ሥር ደግሞ አንድ ሌላ።

ደሜ ፈላ። ቤታችን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሠራተኛ ነበረች፤ ከመንዝ የመጣች። ለሠርጉ ብላ የቤቱን ልብስ ሁሉ ስትተኩስ ሰንብታለች። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ጠርቼ አፋጠጥኳት።

«በካውያ አቃጥለሽው ነው አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም!» ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ ብል ነው። እኛ አገር ዝተቱን እንዲህ ያደርገዋል።»

«ምን ብል አለ ደግሞ! የኛ ቤት ንጹሕ ነው» አልኳት። የዚያን ወር ደመወዝሽን አታገኚም አልኳት። እናቴ ዝም አለች። ልጅቷም ዝም አለች። ሠርጉን ሙሉ ስትቆላ፣ ስታጥብ፣ ስታስተናግድ ቆይታ ሰኞ ጠዋት ፌስታሏን አንጠልጥላ ወጣች። እኔ የጓደኛዬን ልብስ ተውሼ እኅቴን ዳርኩ። የአባቴን ሱፍ በንዴት እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ መልሼ ወረወርኩት።

ይህን «ወረወርኩት» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። በኋላ እንመለስበታለን።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ

ነሐሴ ደረሰ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ኮቱን እንኳ ለብቻው ልልበሰው ብዬ ሳወጣው እጅጌው ተበልቷል፤ ጀርባው ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ ተጨምሯል። ከብብቱ ሥር አንዲት ነጭ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ትል ስትንቀሳቀስ አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ከጥር እስከ ነሐሴ ያንን ቁም ሳጥን ካውያ የያዘ ሰው አልከፈተውም።

ፒያሳ አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰፉ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ አሉኝና ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ልብሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

«አባቴ፣ ካውያ ነው ብል?» አልኳቸው። መልሱን እያወቅኩ።

«ካውያ ቢሆን ጠርዙ ይጠቁራል፤ ይደርቃል። ይሄ ተመልከተው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ተግጧል እኮ ልጄ!»

ጨርቁን በሁለት ጣታቸው እያሹ ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄን የመሰለ ሱፍ አሁን ከየት ይመጣል? ምነው ሳትንከባከበው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በርጩማ ሳቡልኝና የዚያን ቀን እስኪመሽ አስተማሩኝ። ቤቴ ገብቼም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የቀረውን ከዚህ በታች አካፍላችኋለሁ።

ብል ማነው?

ማታ አምፖል የሚከበውን ቢራቢሮ ሁሉ ብል ነው እያላችሁ አትግደሉ። የልብስ ብል ብርሃን አይወድም። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰች፣ ወርቃማ ወይም ገለባ የመሰለች ትንሽ በራሪ ናት። መብራት ሲበራ ትሮጣለች፤ ትሸሸጋለች። ደግሞ ልብስ የምትበላው እሷ አይደለችም! ትልቋ በራሪ ምንም አትበላም። ሥራዋ እንቁላል መጣል ብቻ ነው፤ በአንድ ዕድሜዋ አርባ፣ ሃምሳ ያህል ትጥላለች። ልብሱን የሚግጠው ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ነው። ይህ ትል እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ከሁለት ወር ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪያልፈው ድረስ ጨለማ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

የሚበላው ምንድን ነው? ፀጉራችንና ጥፍራችን የተሠሩበትን ኬራቲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሱፍም ኬራቲን ነው። ጥጥ ግን አይደለም። ነጠላችሁንና ጋቢያችሁን ብል የማይሻማችሁ ለዚህ ነው። አብዛኛው የከተማ ልጅ በጥጥና በፖሊስተር ስላደገ ብልን በስም እንጂ በሥራው አያውቀውም። የበግ ፀጉር ፈትለው በርኖስና ዝተት ከሚሠሩበት ከመንዝ የመጣች ልጅ ግን ታውቀዋለች። እኔ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዤ ያላወቅኩትን እሷ በጣቷ ዳሰሰችና ነገረችኝ።

ሌላም አለ። ትሉ ከንጹሕ ሱፍ ይልቅ ላብ፣ ወጥ፣ ቅባት የነካውን ሱፍ አጥብቆ ይወዳል። እናቴ የአባቴን ሽታ ልጠብቅ ብላ ያላሳጠበችው ልብስ ለብል የተዘረጋ ማዕድ ነበር። ይህን ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ጋዜጣ እንዳታሳዩብኝ!

ሱፍ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሳልባጅ ተራ የምትውሉ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ከቦንዳ መሀል አንዳንዴ የማይታመን ሱፍ በርካሽ ይወጣል። መጀመሪያ ውስጡ የተሰፋውን ምልክት አንብቡ። እንግሊዝኛው «ዉል» ይላል፣ ጣሊያንኛው «ላና»፣ ፈረንሳይኛው «ሌን»። ከፊቱ ያለውን ቁጥር እዩ፤ መቶ በመቶ ከሆነ ንጹሕ ነው፣ 45 ብሎ ሌላውን ፖሊስተር ካለ ቅልቅል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚታወቀው፣ የተጠቀለለ ክር የሚመስለው የዎልማርክ ምልክትም ጥሩ ጠቋሚ ነው።

ምልክቱ ከተቀደደስ? ከውስጥ ጠርዙ አንዲት ክር ምዘዙና በሳህን ላይ በክብሪት ለኩሱ። ልብሱን አይደለም፣ ክሯን! ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ከእሳቱ ስታርቁት ራሱ ይጠፋል፤ አመዱ በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ዶቃ ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል።

«ሱፐር 100»፣ «ሱፐር 120» የሚለውስ? የክሩን ቅጥነት ነው የሚናገረው። ሱፐር 100 የሚባለው ሱፍ ቅጥነቱ በአማካይ ከ18.75 ማይክሮን አይበልጥም፤ ሱፐር 120 ደግሞ ከ17.75። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነውና ልዩነቱን አስቡት። እንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ሱፍ በአብዛኛው የሚገኘው ሜሪኖ ከሚባለው በግ ነው። ካሽሚር ደግሞ ከበግ አይደለም፤ ከፍየል የውስጥ ለስላሳ ፀጉር ነው፤ አንድ ፍየል በዓመት የምትሰጠው በአብዛኛው ጥቂት መቶ ግራም ብቻ ስለሆነ ነው የሚወደደው። አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ልብሱ ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም። በየቀኑ ለብሳችሁ ታክሲ የምትጋፉበት ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ይሻላችኋል።

ለምን ይጨማደዳል?

አንዲት ጓደኛዬ ከውጭ የተላከላትን የሱፍ ሹራብ በፈላ ውኃና በዱቄት ሳሙና አሽታ አጠበችው። ሲደርቅ ለሦስት ዓመት ልጇ ልክ ሆነ። ሳቅን፤ እሷ ግን አለቀሰች። ምን ሆኖ ነው?

የሱፍ ክር በዓይን አይታይም እንጂ እንደ ዓሣ ቅርፊት አለው። ቅርፊቶቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ሱፉ ሲርስና ሲሞቅ ቅርፊቱ ይከፈታል። በዚህ ላይ ስታሹት አንዱ የሌላው ውስጥ ይገባና ይቆላለፋል። ከተቆላለፈ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፤ ሙቀት፣ እሽታ፣ ኃይለኛ ሳሙና።

የሱፍ ሹራብ ስታጥቡ እንዲህ አድርጉ፦

1. ውኃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ ከ30 ዲግሪ አይለፍ። የምታለቀልቁበትም እንደዚያው።

2. ለሱፍ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ከሌለ ትንሽ የፀጉር ሻምፑ ይበቃል። ሱፍ ፀጉር አይደል እንዴ? ተራ የዱቄት ሳሙና አይስማማውም፤ አንዳንዱ የሥጋና የእንቁላል እድፍ እንዲያሟሟ የተሠራ ስለሆነ ሱፉንም ይጎዳዋል። በረኪና ደግሞ ጭራሽ አታስቡት! ሱፍን ያሟሟዋል።

3. አትሹት፣ አትጭመቁት። ውኃው ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ሲያልቅ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን ፎጣው እንዲመጥጠው አድርጉ።

4. ገመድ ላይ አትስቀሉት፤ በራሱ ውኃ ክብደት ይረዝማል። ጥላ ውስጥ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ቅርጹን አስተካክላችሁ ዘርጉት።

ላዩ ላይ የሚወጡትን ትንንሽ የክር እንክብሎች በጣት አትንቀሉ፤ እየሳባችሁ ሌላ ታወጣላችሁ። በምላጭ ወይም በመቀስ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ።

ኮትና ሱሪስ?

ኮት ውኃ ውስጥ አይገባም። ውስጡ ቅርጹን የሚይዝ ሌላ ጨርቅ አለው፤ ከረጠበ ደረቱ ይጎረብጣል። ላውንደሪ ወስዳችሁ በደረቅ አሳጥቡ፤ ግን በየሳምንቱ አይደለም። የመድኃኒቱ ብዛት ሱፉን ያደርቀዋል። እውነቱን ለመናገር ሱፍ ብዙ ማጠብ አይፈልግም። ከክብደቱ ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት መጥጦ እንኳ እጅ ላይ እርጥብ አይመስልም፤ ከዚያ መልሶ ለአየር ይለቀዋል። ስለዚህ እረፍት ስጡት። ዛሬ የለበሳችሁትን ነገ አትልበሱ። ማታ ሰፊ መስቀያ ላይ ስቀሉት፣ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጉት። ዝናብ ከመታው ከከሰል ምድጃ አርቃችሁ በራሱ ይድረቅ።

ካውያ በቀጥታ አታሳርፉበት። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በጨርቁ ላይ ተኩሱ። ያ ሱሪ ላይ የምናየው አንጸባራቂ «መስታወት» ካውያን በቀጥታ ከመጫንም ይመጣል።

ብልን እንዴት እናባርረው?

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ የቆሸሸ ሱፍ አታስቀምጡ። ክረምቱ አልፎ የምትሰቅሉት ከሆነ መጀመሪያ ይጸዳ፤ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ በሚገባ በሚዘጋ ከረጢት ወይም ሣጥን ይቀመጥ። በወር አንዴ አውጥታችሁ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ አናፍሱት፤ ስፌቱን፣ ብብቱን፣ ኮሌታው ሥር ያለውን ቦርሹት። እንቁላሉ ይራገፋል፤ ትሉም ብርሃን አይችልም። የታጠበ እርጥብ ሱፍ ጥላ፣ ተቀምጦ የከረመ ደረቅ ሱፍ ግን ፀሐይ ይወዳል ብላችሁ ያዙት። የቁም ሳጥኑንም ማዕዘን ጥረጉ፤ የተራገፈ ፀጉርና አቧራ ለትሉ ስንቅ ነው።

ዲፕ ፍሪዝ ያላችሁ ደግሞ በፕላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ትሉም እንቁላሉም ይሞታል። የጽድ እንጨት ሽታ ብቻውን አይበቃም። ናፍታሊን የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ሽታው ራሱ መርዝ ነው፤ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ልጅ ባለበት ቤት ባይገባ ይሻላል።

ደመወዟ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ኮቱን አዳኑት። እንዴት መሰላችሁ? ሱሪውን ሠውተው ነው። ከሱሪው ክር እየመዘዙ፣ በመርፌ ቀዳዳውን መልሰው እየሸመኑ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሱሪው አለቀ፤ ኮቱ ቀረ። ቀረብ ብሎ ላላየው ሰው የተጠገነበት ቦታ አይታወቅም።

እኔ ግን አውቀዋለሁ። ኮቱን በለበስኩ ቁጥር ጀርባዬን ይበላኝ ጀመር። በጎረቤት ሠራተኛ በኩል ልጅቷን አጠያየቅኩ። መስከረም 2012 ዓ.ም. ላይ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰው ቤት እንዳለች ሰማሁና ሄድኩ። በር ላይ ስታየኝ ደነገጠች። ሌላ ነገር የጠፋ መስሏት ነው መሰለኝ «ምን ጠፋ ጋሼ?» አለችኝ።

«የጠፋ የለም። ብል ነበር» አልኳት። ይቅርታ ለማለት ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። የያዝኩባትን የወር ደመወዝና ለቆየበት ብዬ የጨመርኩትን በፖስታ ሰጠኋት። እዚያው ከፍታ ቆጠረች። ደመወዟን ለየችና የጨመርኩትን መለሰችልኝ።

«የኔ ይሄ ነው» አለች።

ግድ የለም ያዢው ብላት፣ ብለምናት እምቢ አለች። ከዚያ ድንገት «ኮቱስ ተረፈ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኮቱ ተርፏል። ሱሪው አልቋል።»

ራሷን ነቀነቀች። «ያኔ ብል ነው ስልዎ አውጥተው ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር። መልሰው ከተቱበት።»

ልክ ናት። በጥር ወር የነበረው አራት ቀዳዳ ነው፤ የቀረው ሁሉ የተበላው እኔ ልብሱን ከነትሉ መልሼ ከወረወርኩት በኋላ ነው። እሷን ባምን ኖሮ አራት ቀዳዳ አስጠግኜ የአባቴን ሙሉ ልብስ ዛሬም እለብሰው ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሱፋችሁን አውጡና ቦርሹት። ቀዳዳ ብታገኙበት ወደ ብርሃን አንሡና ጠርዙን እዩ። ጠቁሯል ወይስ ተግጧል? ይህን ሳታዩ ማንንም እንዳትጠሩ።

ቸር እንሰንብት።